ቀለህ በቅቤ

ሰው ሚስት ለማግባት ሲል የማይሆነው ነገር የለም። ሶላት የሚያረፍደው መስጊድ አንደኛው ሰፍ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ይገኛል፤ ሽቶ ገዝቶ የማያውቀው በሽቶ ይታጠባል፤ ስፖርት የሚጠላው በጠዋት ተነስቶ ይሮጣል። እኔ ደግሞ ጥይት ሠሪ ልሆን ነበር። ከዚያ በፊት ጠመንጃ በቅርብ ያየሁት ሰፈራችን የነበረ የባንክ ዘበኛ ጉልበት ላይ ነው፤ እሱም ዘበኛው እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር ነው በደንብ ያየሁት።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፣ አለዚያ ወንጀለኛ እመስላችኋለሁ።

ልጅቷ ሐያት ትባላለች። እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛዋ ይሄዳል፣ ትንሽ ያነክሳል እንጂ። አባቷ ጋሽ ይመር የወሎ ሰው ናቸው፤ ብዙ ዘመን የሆቴል ሻትል አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር ሰፊ ጋራዥ ያለው ቤት አላቸው። ጋራዡ ውስጥ ግን መኪና የለም። መኪናቸው ደጅ ቆሞ በዚያ ፀሐይ ይጠበሳል፤ ጋራዡን የያዘው የጥይት ዕቃ ነው።

ጋሽ ይመር ኢላማ ተኳሽ ናቸው። በየሳምንቱ ከቦልደር ሲቲ ወዲያ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ይሄዱና ወረቀት ይገድላሉ። አደን አይወዱም፤ ሚዳቋ ሲያዩ ያሳዝናቸዋል፤ ወረቀት ላይ ግን ጨካኝ ናቸው። አንድ ቀን ዕቃ ላግዝ ብዬ አብሬ ሄጄ ጆሮዬን ይዤ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ተኩሰው ሲያበቁ ጎንበስ ብለው ባዶ ቀለሃቸውን አንድ በአንድ ለቀሙ። ቀና ብዬ ባይ ሜዳው ላይ ያለው ፈረንጅ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ትልልቅ መኪና ይዞ የመጣ ሰው መሬት ሲለቅም ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ቀለህ የሚለቀመው ተመልሶ ስለሚሞላ ነው። ጣጣው ግን አለ። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ በእሳቱ ያብጣል። ያበጠ ቀለህ ተሞልቶ ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ መዝጊያው እሺ ብሎ አይዘጋም። ስለዚህ ፎርማ በምንለው ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ በመጭመቂያ ተገፍቶ ይገባና ተጠብቦ ወደ ድሮ ወገቡ ይመለሳል። ለሰውም እንዲህ ያለ ፎርማ ቢኖር ሠርጓ የደረሰ ሙሽራ ሁሉ ትሰለፍ ነበር። ባሩዱና እርሳሱ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱን ጋሽ ይመር ለማንም አያስነኩም፣ በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን ይሠሩታል። እኔ የገባሁበት ባዶ ቀለህ ማጥበቡ ላይ ነው። ባዶ ቀለህ ማንን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። እኔን ጎዳኛ!

እኔ ስትሪፕ በሚሉት ዋና ጎዳና፣ አንድ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ተቀብዬ ፓርክ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ጋሽ ሰይድ ሽማግሌ ሆነው ሐያትን ሊጠይቁልኝ ቀጠሮ ተይዟል። ጋሽ ሰይድ የአባቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ እዚህ አገር እንደ አባት የማያቸው እሳቸውን ነው። ታዲያ ሽማግሌ ከመድረሱ በፊት በሰውየው ዘንድ ትንሽ ልወደድ ብዬ በዚያው ሳምንት ሰኞ ጋራዡ በር ላይ ተገተርኩ።

ጋሽ ይመር መጭመቂያውን እየተጫኑ ጣታቸውን ያሻሉ። ቁርጥማት አለባቸው፤ እጀታውን በጫኑ ቁጥር ፊታቸው ይቋጠራል።

«ልርዳዎት ጋሼ?» አልኩ።

«ፎርማ ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። አማች ሊሆን የሚፈልግ ሰው አፍ ግን «አላውቅም» የሚል ቃል አይወጣውም።

«በደንብ እንጂ! አጎቴ ብሎኬት ያመርት ነበር» አልኩ።

ጋሽ ይመር ብሎኬትና ጥይት ምን እንደሚያገናኛቸው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ጣታቸው በለጠባቸው መሰለኝ፣ ትንሿን መጭመቂያ፣ አንድ ከረጢት ቀለህና አንዲት ጠርሙስ ቅባት አውጥተው ሰጡኝ። ፎርማውን ግን ወዲያው አልለቀቁትም። በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡት።

«ይሄን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም» አሉ። «አሮጌ ነው፤ እኔና እሱ ግን እንተዋወቃለን። ቅባቱን ስስ አድርገህ ቀባ። ጣትህን ቀባና ጣትህ ቀለሁን ይቀባው። ከበዛ ቀለሁ ይጎደጉዳል። ከሌለ ደግሞ ይነክሳል።»

«ማን ነው የሚነክሰው ጋሼ?»

«ፎርማው ነዋ። ቀለሁን ነክሶ ይይዛል፣ አይለቅም። አርብ አድርስልኝ።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ጉዳይ ላይ ያለ ሰው ከአማቱ ቤት ዱዓ እንጂ ዕቃ ይዞ ይወጣል?

እንግዲህ ካሳን ላስተዋውቃችሁ። ካሳ ቤት የምጋራው ልጅ ነው፤ ጎጃሜ፣ ታክሲ ነጂ፣ የሁሉም ነገር አዋቂ። መጭመቂያውን የምግብ ጠረጴዛችን ጠርዝ ላይ በቡሎን አሰርነው። ሥራ ጀመርኩ። ጋሽ ይመር «ስስ» ብለዋል፤ ግን የማን ልጅ ሆኜ ነው ቅባት የምሰስተው? እኛ ዘንድ ወጥ ላይ ዘይት የሚቆጥብ ሰው ስሙ አገር ለአገር ይዞራል። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቀለሁን ከአንገት እስከ ቂጥ አጠጣሁት።

ግሩም ሆኖ ይገባል! ሸርተት፣ ሸርተት። ግማሹን ከጨረስኩ በኋላ አንዱን አንስቼ መብራት ላይ ባየው ትከሻው ላይ በአውራ ጣት የተጫኑት የመሰለ ጉድጓድ አለ። ሌላውን አነሳሁ፤ እሱም። ሁሉም። ፎቶ አንስቼ ለሐያት ላክሁላትና ደወለች።

«ኦ ማይ ጋድ! ቱ ማች ቀብተሃል!» አለች። «ዘይቱ መሄጃ የለውም፣ ሶ ብረቱን ፑሽ ያደርገዋል።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሰርች አደረግኩ። አንተ ለምን ሰርች አታደርግም? ደግሞ ዳድ ነግሮሃል ኣ?»

«ነግረውኛል።»

«ሶ?»

«እና ታዲያ?» ማለቷ ነው፤ ስልኩን ዘጋሁት።

በንዴት የቀሩትን ቀለሆች፣ አስቀድሜ የቀባኋቸውንም ጭምር፣ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ከትቼ በዕቃ ሳሙና አጠብኳቸው። አንዲት ጠብታ ቅባት እንዳይቀር አድርጌ አሸሁ። ተነስቼ እንደገና ልቀባ ጠርሙሱን ባነሳው ባዶ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀምም አልነበረም።

ካሳ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያየኛል። «ቅቤ ቀባው» አለ።

ስለ ካሳና ስለ ቅቤ ትንሽ ልበል። ካሳ ቅቤ የማይፈታው ችግር አለ ብሎ አያምንም። ራሱን ሲያመው አናቱ ላይ ያደርጋል። የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ ቅቤ ይቀባል። አንዴ የታክሲው ወንበር አልንሸራተት ቢለው ቅቤ ቀብቶት ለብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ ምሳ በላህ ወይ እያለ ይጠይቀው ነበር። ፍሪጁ ውስጥ እናቱ የላከችለት፣ ኮረሪማና በሶብላ ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ አለ። እኔ ራሴ ሽሮ ላይ ጠብ አድርግልኝ ብዬ ስለምን ዓይኑን ያጠባል። ለቀለህ ግን ማሰሮውን አውጥቶ ሰጠኝ። ሽሮ የዕለት ጉዳይ ነው፣ ይሄ የትዳር ጉዳይ ነው አለ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቅቤው ሠራ። አሁን ትምህርት ስላገኘሁ ስስ አድርጌ ነው የቀባሁት። ቀለሁ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ሰተት ብሎ ይወጣል፣ ትከሻው ደህና። ቤቱ በሙሉ የሠርግ ቤት ሸተተ። ካሳ አንዱን አንስቶ አሸተተና «ይሄ ጥይት ጠላትህ ላይ ቢያርፍ እንኳ ይጥመዋል» አለ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት? ግን እጀታውን በተጫንኩ ቁጥር ጠረጴዛው ወለሉን ይደበድባል። ከታች ያለችው ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ትደልቅ ጀመር። እሷ ስትደልቅ ካሳ በተረከዙ መለሰላት። እኔ ነገር አልወድም፤ ሰላም ይሻላል ብዬ ጠረጴዛውን ከነመጭመቂያው ጎትቼ በረንዳ ላይ አወጣሁት።

ወሩ ሐምሌ ነው። የላስ ቬጋስን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ካለ የዳቦ መጋገሪያ ከፍቶ ፊቱን ያስገባ። የቀባኋቸው ቀለሆች ትሪ ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ቅቤው ደግሞ ቀስ ብሎ ውሃ ሆኖ ከላያቸው እየወረደ ትሪው ሥር ይጠራቀማል። እኔ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አላየሁም። ደረቁን ቀለህ አንስቼ ፎርማው ውስጥ ሰደድኩት። መግባቱን ከበድ እያለውም ቢሆን ገባ። እጀታውን ወደ ላይ ልመልስ ብል እምቢ አለ።

ሳብኩ። እምቢ። በሁለት እጄ ሳብኩ፤ ጠረጴዛው ከፊት እግሩ ብድግ አለ። ካሳን ጠራሁት፤ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠበት። ካሳ በኪሎ አይታማም። እግሬን ከበረንዳው ብረት ጋር አስደግፌ ቢስሚላህ ብዬ ሳብኩት።

ቋ!

እኔ በጀርባዬ ወደቅሁ። ካሳ ከነጠረጴዛው ተገለበጠ። ተነስተን ስናይ የቀለሁ የታችኛው ጠርዝ፣ መጭመቂያው የሚይዝበት ከንፈሩ፣ ተገንጥሎ መሬት ላይ ወድቋል። ቀሪው ገላው ፎርማው ውስጥ ነው። ጋሽ ይመር ለሰው ሰጥተው የማያውቁት ፎርማ ቀለህ ነክሶ ይዟል።

ቅዳሜ ሽማግሌ እልካለሁ፤ የሰውየውን ዕቃ ደግሞ አበላሽቻለሁ። ዕቃውን ያልጠበቀ ልጅቷን ይጠብቃል ብሎ የሚያምን የወሎ አባት ካለ አሳዩኝ።

ካሳ መፍትሔ አያልቅበትም። ብረት ሲበርደው ይሰበሰባል ብሎ ፎርማውን በፌስታል ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዱለቱ ሥጋ አጠገብ ከተተው። አልሆነም። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል ብሎ ቀቀለው። አልሆነም። ምስማር ደግኖ በመዶሻ መታው፤ ምስማሩ ተጣመመ። በመጨረሻ መልሶ ፍሪዘር ውስጥ ወረወረውና «አዲስ ግዛ» አለኝ። «ብረት ብረት ነው። ማን ይለየዋል?»

አሁን ስታስቡት ሞኝነት ይመስላችኋል። ግን የምንኖርበትን ከተማ እዩት። ላስ ቬጋስ አሮጌ ነገር አታስታምምም። ሆቴል ሲያረጅባት በፈንጂ ታፈርሰውና በቦታው ሌላ ትሠራለች፤ ሕዝቡም ወንበር ይዞ ወጥቶ ሲፈርስ ያያል፣ ያጨበጭባል። እዚህ ከተማ ሲኖሩ የተበላሸ ሁሉ የሚተካ ይመስላል። እኔም ሐሙስ ከሺፍት ስወጣ የጠመንጃ ሱቅ ገብቼ ቁርጥ ያንኑ የሚመስል ፎርማ ገዛሁ።

ችግሩ አዲሱ ያበራል። እንደ አዲስ ሙሽራ ጥርስ ያበራል። የጋሽ ይመር ግን ጠቆር ያለ፣ ደብዘዝ ያለ ነበር። ከካሳ ጋር ብረት ማስረጀት ጀመርን። መኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ በእግራችን አንከባለልነው። በሞረድ ነካ ነካ አደረግነው። ካሳ የቡና አተላ አጠራቅሞ ውስጡ ቀበረው። ስናወጣው ግሩም አርጅቷል። ካሳ እንዲያውም የራሱ ሥራ አስደንቆት «ከድሮው ይበልጥ ድሮ ሆነ» አለ።

አርብ ዕቃውን መለስኩ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ከረጢቱ ላይ አንድ ካርቶን ጥሩ ቴምር ደረብኩበት። ጋሽ ይመር በመጀመሪያ ቀለሆቹን አዩ። የጎደጎዱትን ለብቻ፣ ደህናዎቹን ለብቻ አደረጉ። አንዱን ደህና አንስተው አሸተቱና አዩኝ። ከዚያ ፎርማውን አነሱት። በሁለት ጣታቸው አገላበጡት፤ እሱንም አሸተቱት። መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጠው «አላህ ይስጥልኝ» አሉኝ።

እኔ እንዳመለጥኩ ነው የቆጠርኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉትን ረስቼ በዚያች ማታ ጥሩ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጋሽ ሰይድን ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ጠያቂው ሽማግሌ እያመላለሰ፣ እሱ ራሱ ጥግ ላይ ተደብቆ የሚጠብቅበት አገር አሜሪካ ብቻ ይመስለኛል። መኪናዬን ከቤቱ ራቅ አድርጌ አቆምኩና ጎንበስ ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሰይድ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። የጋሽ ይመር ባለቤት እጅ እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሆዳቸውን አዘጋጅተው ነው የሄዱት። ሥርዓቱ ደግሞ ይታወቃል፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ አይበላም።

ብዙም ሳይቆዩ ሲመለሱ አየኋቸው። የጋሽ ሰይድ ኩታ ወደ አንድ በኩል ተንሸራትቷል። በሩን ከፍተው ገቡና በኃይል ዘጉት።

«ምን ዕቃ ነው የሰረቅከው?» አሉኝ።

«እኔ?»

«የለም፣ እኔ! ሰውየው በክብር ተቀበለን። የመጣንበትን ተናገርን። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ክፉ አልልም አለ። ደስ ብሎን ልንቀመጥ ስንል ምን አለ መሰለህ? ‹አንድ ዕቃዬ እሱ ዘንድ ቀርቷል። ዕቃዬን ይመልስልኝና ስለ ልጄ እንነጋገራለን› አለ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለሌባ ሽማግሌ ሆኜ ልቁም? ሚስቱ ደግሞ የተጠበሰ የጠቦት ጎን አቅርባለች። ጎኑን እያየሁ፣ እያየሁት ቆሜ ተመለስኩ!»

ጓደኛቸው ከኋላ ሆነው «ሳምቡሳም ነበር» አሉ።

«ሳምቡሳውን ተወው!» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፤ ባለቤቱ አውቋል። ሁለቱን አባቶች ቤታቸው አድርሼ፣ ጋሽ ሰይድ መኪናዬን እስኪወርዱ ድረስ ሲመክሩኝና ሲረግሙኝ ሰምቼ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ፎርማው ዱለቱ ላይ ተጣብቋል። ፈልቅቄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሴንቴኒያል ሂልስ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሰበብ አስቤ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ የባሰ ስለሆነ ተውኩት።

ጋሽ ይመር ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የጠቦቱ ጎን በሳህን አለ፤ ግማሹን በልተውታል። ጨርቁን ገልጬ ፎርማውን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ከፍሪዘር የወጣ ስለሆነ ላብ አልቦታል፤ እኔም እንደዚያው።

«ይሄ ነው የኔ» አሉ። አንስተው ውስጡን አዩ። ቀለሁን አዩት። «ያኛው ቡና ይሸታል። የኔ ፎርማ ቡና አይጠጣም።»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ» አልኩ። ሰበብ ሲያልቅ አፍ ቀና ይሆናል። «ፎርማው ቀለሁን ነክሶ ሲይዝብኝ ሐያትን ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። እንኳን ፎርማ፣ ቤቴን ሸጬ እተካ ነበር። ቤት የለኝም እንጂ።»

አልሳቁም። ከመደርደሪያው እኛ ያስረጀነውን አዲሱን አንስተው ከአሮጌው ጎን አቆሙት።

«አሮጌ ሰጠሁህ፣ ተጣበቀብህ፤ አዲስ ገዝተህ አመጣህልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ ከልጄ ጋር ትጣላላችሁ። የማይጣላ የለም። አንድ ነገር ተጣብቆ እምቢ ይላችኋል። ያን ጊዜ ምንድን ነው የምታደርገው? እሷን ፍሪዘር ከተህ፣ ቡና የቀባህባት ሌላ ልጅ ታመጣልኛለህ?»

ብዙ ተቆጥተውኝ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ አለቃዬ ይጮህብኛል፣ መኪናው የተጫረበት ሰው ይሰድበኛል። እንደዚህ ጸጥ ብሎ የተናገረኝ ግን ማንም የለም። አንገቴን ደፋሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት።

«ቁም እንግዲህ፣ ያን አምጣ» አሉኝ ወደ ግድግዳው እያመለከቱ።

መሰርሰሪያ፣ ቡሎንና ቁልፍ የያዘች ትንሽ ሣጥን ናት። ለዚሁ ለተጣበቀ ቀለህ የተሠራች። ሣጥኗ ጥጓ ተልጧል፤ ብዙ አገልግላለች።

«እርስዎም ይጣበቅብዎታል ጋሼ?»

«ይሄን ለጌጥ የገዛሁት መሰለህ?»

ጣታቸው ስለሚያማቸው እሳቸው ያዝዛሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ፎርማውን በሞርሳ አሰርነው። የቀለሁን ቂጥ መሃል ለመሃል በሳሁት። ቡሎን እንዲይዝ ውስጡ ጥርስ አወጣሁለት። ቡሎኑን አስገብቼ ቀለሁን ወደ ውጭ እንዲስብ በቁልፍ ማዞር ጀመርኩ። ሲጠብቅ ኃይል ጨመርኩ።

«ቀስ!» አሉ። «ወዴት ትሄዳለህ? የሚጠብቅህ ሰው አለ?»

ቀስ አልኩ። ትንሽ አዞርኩ፣ ቆምኩ። ትንሽ አዞርኩ፣ ቆምኩ። ክንዴ ዝሎ ነበር። እሳቸው ሥጋቸውን ይበላሉ። አንዴ ብቻ አንድ ጎድን ሰጡኝ፤ እጄ ዘይት ስለነበረ ራሳቸው አጎረሱኝ። ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፣ አኘክሁት።

በሩ ተከፈተና ሐያት ብቅ አለች። ስታለቅስ ቆይታ ፊቷን የታጠበች ትመስላለች።

«ዳድ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ካለች በኋላ አየሩን አሸተተች። «ዌት። ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው? ኮረሪማ ነው?»

«ያንቺው ጥይት ሠሪ ነው» አሉ አባቷ። «ቀለሁን በቅቤ አሽቶታል።»

ሐያት አየችኝ። «አንተ ሲሪየስሊ ቅቤ ዩዝ አደረግክ?»

«የካሳ ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ ሳቀች። ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጋሽ ይመርም ዞር ብለው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ ለመሳቅ ፈቃድ ስላልተሰጠኝ ቁልፌን አዞርኩ፤ በዚያው ቅጽበት ቀለሁ ጧ ብሎ ወጣ። ተቦርቡሮ፣ ተላልጦ፣ ቂጡ ተበስቶ ወጣ። ፎርማው ግን ደህና ነው። ጋሽ ይመር በብርሃን አዩት፣ በጨርቅ ወለወሉት፣ ከፍ አድርገው ነፉበት።

«ምንም አልሆነም» አሉ። አሮጌውን ከቦታው መለሱት። እኛ ያስረጀነውን አንስተው ለእኔ ወረወሩልኝ። «ይሄን ያዘው። እጠበው። ይጣበቅብሃል፤ ሲጣበቅብህ ሣጥኗ እዚህ አለች።»

ከዚያ ባዶውን ሳህን ለሐያት ሰጧትና እጃቸውን እየጠረጉ ወደ ቤት ገቡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ለጋሽ ሰይድ ደውልለት። ለነገ ምሳ በለው። በልቶ እንዳይመጣ።»

ሐያት «ዌት፣ ሶ... ያ ማለት የስ ነው?» እያለች አባቷን ተከትላ ሮጠች። እኔ እዚያው ጋራዡ መሃል ቆሜ በዘይት እጄ ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ።

«ለነገ ምሳ ይምጡ ብለዋል። በልተው እንዳይመጡ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ጠረጠሩ። «ስማ፣ ሌላ የሰውየው ዕቃ አንተ ዘንድ የለም?»

«የለም ጋሼ። የሰጡኝን መለስኩ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ።»

«እንግዲያው» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ «ቁርስም አልበላ።»